የኮምባይነሩ ተራና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያበቃው ቶከን

በባሌ ሮቤ ዙሪያ ስንዴ ሲደርስ ገበሬው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ኮምባይነሩ መቼ ይደርሰኛል? ድሮ ተራውን የሚያውቀው ደላላው ብቻ ነበር። ዛሬ የሚያውቀው እኔ የሠራሁት ፕሮግራም ነው። ማንም አላስተማረኝም። ጎባ መዝገብ ቤት ደብዳቤ ስመዘግብ ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ የተማሩ ሰዎች የሚፈሩትን ነገር በስልኬ እያነበብኩ ለብቻዬ ተማርኩት።

የገበሬዎቹ ማህበር ሰርቨር የሚያስቀምጥበት ክፍል የለውም። ስለዚህ ኮዴን ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚከራይ የሩቅ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት። ጥያቄ ሲመጣ ይነቃል፣ መልሶ ይተኛል፣ ማንንም አያስታውስም። የማያስታውስ ዘበኛ ሰውን የሚያሳልፈው በያዘው ወረቀት ነው። ይህን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አላስፈለገኝም፤ ዕድሜዬን ሙሉ እውነተኛውን ማህተም ከሐሰተኛው ስለይ ኖሬአለሁ። ለእያንዳንዱ ገበሬ ተራውን፣ ማሳውንና የሚያበቃበትን ሰዓት የያዘ፣ በምስጢር ቁልፍ የተፈረመ ቶከን አዘጋጀሁ። በኪውአር ኮድ ታትሞ ይሰጠዋል፤ ሾፌሩ አጨዳ ከመጀመሩ በፊት በስልኩ ያነበዋል። አንድ ፊደል ከተነካ ፊርማው ይፈርሳል። ደላላው ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለት ጊዜ አፍሯል።

ባለፈው አጨዳ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የማህበሩ ሊቀመንበር ደወለልኝ። ባሏ የሞተባት አንዲት ገበሬ ተራዋ ደርሶ ሳለ ወረቀቷ አልሠራም፤ ደላላው ኮምባይነሩን ወደ ሌላ ማሳ ሊወስደው አሰፍስፏል። ላፕቶፔን ይዤ በባጃጅ በረርኩ። ስደርስ በተራራው በኩል ደመናው ጠቁሮ ነበር። የደረሰ ስንዴ ዝናብ ከመታው ዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል፤ ያ ማሳ ደግሞ የሴትዮዋ የዓመት ቀለብ ነው።

የሾፌሩ ስልክ «ጊዜው አልፏል» ይላል። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነው። እኔ የሰጠኋት እስከ አሥራ ሁለት ነበር።

«ፋዘር፣ እኔ ተራ ስሰጥ እንኳ እስኪመሽ ነበር የምሰጠው» አለ ደላላው ጎማውን ተደግፎ። ሾፌሩ ሳቀ።

ሊቀመንበሩ ለዛሬ ብቻ የቶከን ማጣሪያውን እንዳጠፋው ለመነኝ። እምቢ አልኩ። ከጠፋ ለእሷም ለደላላውም እኩል ክፍት ይሆናል፤ እሱም የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር።

«እህቴ፣ ትንሽ ታገሺኝ» አልኳት።

«ኦቦ፣ እኔስ እታገሣለሁ፤ ለደመናው ይንገሩት።»

ኔትወርክ የሚገኘው ከፍ ሲሉ ብቻ ስለሆነ የኮምባይነሩን መሰላል ወጣሁ። ቶከኑን ከፍቼ አነበብኩት፤ ፊርማው መለወጥን እንጂ መነበብን አይከለክልም። አሥራ ሁለት ይላል። ልክ ነው። ትንሽ ቆይቶ ግን ፈገግ አልኩ። ክላውዱ የሚሄደው በለንደን ሰዓት ነው፤ ለእሱ አሥራ ሁለት ማለት እኩለ ቀን ነው። እዚያ እኩለ ቀን ሲሆን እኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነን። ፀሐይ ስትጠልቅ ብዬ የጻፍኩትን እሱ በራሱ ቀትር ዘጋው። እስከዚያ ቀን አጨዳ ሁሉ ከዘጠኝ በፊት ይጀመር ስለነበር አልታየም፤ ያን ዕለት የሞተሩ ቺንጋ ተበጥሶ ኮምባይነሩ ዘገየ።

የተፈረመ ቶከን አይታረምም፤ እኔም ብነካው ይፈርሳል። ስለዚህ ኮዱ ውስጥ በለንደን አሥራ አምስት ሰዓት፣ በእኛ አሥራ ሁለት እንዲሆን አስተካክዬ ጫንኩና ለሴትዮዋ አዲስ አወጣሁላት። ማተሚያ ስላልነበረ ላፕቶፑን ወደ ሾፌሩ አዞርኩት፤ ከስክሪኑ ላይ አነበበው። ስልኩ አረንጓዴ አበራ። ሞተሩ ተነሣ። መሰላል ላይ ተንጠልጥሎ፣ በሚቆራረጥ ኔትወርክ፣ በሃያ ደቂቃ ይህን የሚሠራ ሌላ ሰው ባሌ ውስጥ ካለ ይምጣና እንተዋወቅ።

ደላላው መቼ እንደሄደ አላየሁም። ዝናቡ የጀመረው የመጨረሻው ጆንያ ጋሪው ላይ ተጭኖ ሸራ ከለበሰ በኋላ ነው። ሴትዮዋ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ እኔ መጣች።

«ኦቦ፣ ሰዓቱን የተሳሳተው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ስህተቱን ያገኘውስ?»

«እሱም እኔ ነኝ።»

በኦሮምኛ ለሊቀመንበሩ፣ እኚህ ሰው ሲሳሳቱም ይኮራሉ አለችውና እየሳቀች ስንዴዋን ተከትላ ሄደች። እውነቷን ነው።