የአየነው በሬዎች

አየነው ሁለት በሬዎች ነበሩት። «ነበሩት» የምንለው እኛ ነን፤ እሱማ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከጭልጋ ተሰዶ ሱዳን፣ ገዳሪፍ አጠገብ ካለው ካምፕ ከገባ በኋላም፣ «አማቼ ዘንድ አስጠብቄያቸዋለሁ፤ መስቀልን አገሬ ነው የምውለው» ይል ነበር። ወይ አበሳ! አማትየው ሞተዋል፤ በሬዎቹም በረሃብ ሲወድቁ ቆዳቸውን የገፈፈው ራሱ ነው። ሚስቱ እናኑ ከሥጋቸው ቀምሳለች። ግን ምን ትበል? ባሏን በእግሩ ያቆመው ያ ወሬ ብቻ ነበርና አሳዘናት፣ ዝም አለች። ዝምታዋን እሱ እንደ ምስክር ቆጠረው።

ሰኔ ሲቃረብ በምሥራቅ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ሱዳኖቹ ኸሪፍ የሚሉት ክረምት መጣሁ መጣሁ አለ። ሰው ሁሉ በታደለው እንጨትና ሣር ጎጆ ሲቀልስ አየነው ድርሻውን አንሥቶ ለጎረቤቱ ለሽማግሌው ለጋረደው ሰጠ። የእሱ ቤተሰብ የተቀዳደደ ሸራ ሥር ነበር።

«እንግዳ ቤት አይሠራም» አለ፣ ቆጣ ብሎ።

«አንተ ሰውዬ፣ ላም አለኝ በሰማይ ይቅርብህ» አሉት ጋረደው። «ልጅህ ኮከብ ስታስል አትሰማም?»

«አቧራ ነው።»

የልጁን ሳልማ ይሰማል። ጆሮውን ደረቷ ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ እናኑ አይታዋለች። ግን ጎጆ ከቀለሰ በሬዎቹ ሞቱ ማለት ነው፤ ይኸን ደግሞ ሆዱ አልችል አለው።

«የኮከብ አባት፣ ለልጅቷ ሲሉ» ብላ ለመነችው እናኑ።

«ትንሽ ታገሺ እንጂ! ምን ቀረን?» አላት።

ዝናቡ ከነነፋሱ የመጣው በማግሥቱ ነው። ሸራውን ገንጥሎ ወሰደው። ጋረደው ጎጆ እስኪደርሱ ጭቃው እግራቸውን እየያዘ አቆያቸው፤ ልጅቷ እስከ አጥንቷ ራሰች። ትኩሳቱ ተነሣባት፣ ትንፋሿ አጠረ፣ ሳምንት ሳይሞላት ሞተች። ይብላኝ ለእናቷ!

ሲቀብሯት ወንዶቹ ጅብ እንዳያወጣት ብለው መቃብሩ ላይ ድንጋይ መከመር ያዙ። አየነው እጃቸውን ያዘ።

«አታብዙባት ባካችሁ፤ አገራችን ስንገባ አፅሟን ለማውጣት ያስቸግረናል።»

ሰዉ አቀረቀረ። እናኑ ብቻ ቀና አለች። በሰው ፊት ባሏን ክፉ ቃል ተናግራው አታውቅም።

«በልተናቸዋል!» ብላ ጮኸች። «በሬዎቹን በልተናቸዋል! ድንጋዩን ጨምሩ!»