ፀጉር ሠሪዋ፣ ሶሪያሲስና የሙከራው መርፌ

መጀመሪያ ያገኘኋት ከግራ ጆሮዬ ጀርባ ነው። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ስትዳሰስ የምትሻክር አንዲት ቦታ። የፀጉር ቀለም ያቆሰለኝ መስሎኝ ቫዝሊን ቀባሁና ረሳኋት። ሥራዬ ፀጉር ነው። ፀዳለ እባላለሁ፤ ደብረ ብርሃን ተወልጄ ጁባ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል፤ ቡሉክ ሰፈር የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። ቀለምና ኬሚካል እጄን ሲልጠኝ ስለኖረ በአንዲት ሻካራ ቦታ የምደነግጥ ሰው አልነበርኩም።

በወሩ ግን ማጅራቴ ላይ ወረደች። ከዚያ አናቴ ላይ ወጣች። እንደ ዓሣ ቅርፊት ነጣ ብሎ የሚያብረቀርቅ ነገር ይደራረባል፤ ስፍቀው ሥሩ ጥቃቅን የደም ነጠብጣብ ያወጣል። ማሳከኩን ለመናገር ቃል ያጥረኛል። ጠዋት ስነሣ ትራሴ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ፎረፎር ነው አሉኝ፤ የፎረፎር ሻምፑ በጠርሙስ በጠርሙስ ጨረስኩ። ጭርት ነው አሉኝ፤ የጭርት ቅባት ሁለት ወር ቀባሁ። ሎሚ ሞከርኩ። ነጭ ሽንኩርት ስሞክር ቆዳዬን አቃጥሎኝ ሦስት ቀን ከቤት አልወጣሁም። በመጨረሻ ሻሽ አሰርኩ።

እንዲህ ያለ ነገር ይዟችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ እንዳትሳቀቁ ፍጻሜውን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ዛሬ ራሴ ንጹሕ ነው። ይህን ስጽፍ ደስታው እጄን ያስቸኩለዋል፤ ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ።

ወደ ክፉው ቀን ልመለስ። አንዲት ቢሮ የምትሠራ ደንበኛ ነበረችኝ፤ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ መጣች። ጎንበስ ብዬ ከጆሮዋ በላይ ያለውን ፀጉር ስሠራ ከሻሼ ሥር ቅርፊት ወደቀ። ትከሻዋ ላይ አረፈ። ከዚያ ሌላ።

«ዴ ሹኑ?» አለችኝ በጁባ ዓረብኛ። ምንድነው ይሄ?

ቅርፊቱን በፎጣ አራገፍኩላት። በመስታወቱ ውስጥ ሻሼን አየችው። ተነሣች። ግማሽ ራሷ ተሠርቶ ነበር፤ ግማሹ አልተሠራም። እንደዚያው ሆና ወጣች። እኔ ማበጠሪያ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

በሳምንቱ ወሬው ሰፈሩን ሞላው። የፀዳለ ማበጠሪያ በሽታ ያጋባል ተባለ። የሚያሳፍረኝ፣ እኔም አምኜው ነበር። ማበጠሪያዬን እቀቅል ነበር፤ ፎጣዬን ለብቻ አሰጣ ነበር፤ የሰው ልጅ ለማቀፍ እፈራ ነበር።

አብራኝ የምትሠራ ኛማል የምትባል ልጅ አለች። ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ ጋምቤላ በስደተኞች ካምፕ ነው ያደገችው፤ በአማርኛ ስትቀልድ የአዲስ አበባ ልጅ ታስንቃለች። ያን ሰሞን አንድ ቀን በሩን ከውስጥ ዘጋችና፣ «ፀዲ፣ ሻሹን ፍቺው» አለችኝ።

«ተይኝ፣ ይጋባብሻል።»

«ይጋባ! ካምፕ ውስጥ ስናድግ የማንን ራስ ከማን ለይተን ነበር የምንሠራው?»

ራሷ ፈታችው። ጣቶቿን ቅርፊቱ መሃል አስገብታ በለብታ ውኃ አጠበችኝ። ሰው ራሴን ከነካኝ ዓመት ሆኖኝ ነበር። አለቀስኩ። አጥባኝ ስትጨርስ፣ «በይ ነገ ሐኪም ጋ እንሄዳለን። እምቢ ብትዪ ተሸክሜሽ እሄዳለሁ» አለች። ቁመቷን ለሚያውቅ ይህ ባዶ ዛቻ አይደለም።

በማግስቱ ሁለታችን በአንድ ቦዳ ቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ተጭነን ሄድን። የቆዳ ሐኪሙ ዶክተር ጋትኩዎት ይባላል። እሱም ጋምቤላ ያደገ፣ ሕክምና ጎንደር የተማረ ነው፤ «ቁጭ በይ እህቴ» ሲለኝ ግማሹ ጭንቀቴ ለቀቀኝ። አናቴን በማጉያ መነጽር አየ። ክርኔን አየ። ጥፍሮቼ ላይ በመርፌ የተወጋጉ የሚመስሉ ጉድጓዶች ነበሩ፤ እነሱን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ ጭርት አይደለም፤ ፎረፎርም አይደለም። ሶሪያሲስ ይባላል። የሰውነትሽ መከላከያ ጠላት ያገኘ መስሎት የገዛ ቆዳሽን እየወጋ ነው። ሌላ ሰው በወር የሚያድሰውን ቆዳ አንቺ በጥቂት ቀን ታድሽዋለሽ፤ ቅርፊቱ እሱ ነው።»

«ይተላለፋል ወይ ዶክተር?»

«በማበጠሪያ አይተላለፍም። በፎጣ አይተላለፍም። በመተቃቀፍ አይተላለፍም።»

ኛማል ከወንበሯ ብድግ ብላ እልል አለች። ከውጭ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ወንድ ልጅ ተወለደ ብለው እንዳይሆን አላውቅም፤ እነሱም እልል አሉ። በሽታ ተነግሮኝ በእልልታ የወጣሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ፀጉር ቤታችን ስንደርስ ኛማል በሦስት ቋንቋ «አይተላለፍም» ብላ በካርቶን ላይ ጽፋ በሩ ላይ ሰቀለች።

በሽታውን ማወቅ ግን መዳን አልነበረም። የቅጥራን ሻምፑ ታዘዘልኝ። ክሎቤታሶል የሚባል የስቴሮይድ ፈሳሽ ታዘዘልኝ፤ ሲቀቡት ይጠፋል፣ ሲተዉት ብሶበት ይመጣል። ሜቶትሬክሴት የሚባል ክኒን ጀመርኩ፤ ያቅለሸልሸኝ ነበር፤ በደም ምርመራ ጉበቴን እንዳስቆጣ ታየና ቆመ። በዚያ መሃል በግንባሬ በኩል ፀጉሬ ሳሳ። ፀጉር ሠሪ ሆኜ የራሴ ፀጉር በእጄ ላይ ሲቀር ማየት ከባድ ነበር።

ዶክተር ጋትኩዎት ስለ ጥናቱ የነገረኝ ያን ጊዜ ነው። በብዙ አገሮች በአንድ ጊዜ የሚካሄድ ሙከራ ነው፤ የራስ ቆዳ ሶሪያሲስ ላለባቸው አዋቂዎች የሚሰጥ መርፌ። መርፌው ኢንተርሉኪን የሚባለውን፣ ቆዳውን የሚያስቆጣውን የመከላከያ መልእክተኛ የሚያግድ ነው። በሌላ የሰውነት ክፍል ሶሪያሲስ ላይ ከዚህ በፊት ተሞክሯል፤ አሁን የሚጠየቀው የራስ ቆዳ ላይ ምን ያህል ይሠራል የሚለው ነው።

«ሕክምና ነው ብዬ አላታልልሽም፤ ጥናት ነው» አለኝ። «ለመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ስድስት ሳምንታት ግማሻችሁ እውነተኛውን መድኃኒት፣ ግማሻችሁ ፕላሴቦ፣ ማለት መድኃኒት የሌለበት መርፌ ትወጋላችሁ። ዕጣ ነው። የቱ እንደደረሰሽ አንቺም አታውቂ፣ እኔም አላውቅ። ከዐሥራ ስድስተኛው ሳምንት በኋላ ሁሉም እውነተኛውን ያገኛል። በፈለግሽ ቀን ትቼዋለሁ ብትዪ ማንም አይቀየምሽም።»

የስምምነት ወረቀቱን የጥናቱ ነርስ ሲስተር ፖኒ ሰጠችኝ፤ በአማርኛ የተተረጎመ ቅጂ ነበረው። ቤት ወስጄ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የፈራሁትን ሁሉ በእስክሪብቶ አሰመርኩበት፤ ተመልሼ አንድ በአንድ ጠየቅሁ። ደም ተወሰደ፤ የጉበት ቫይረስ፣ ኤችአይቪ፣ እርግዝና፣ የደረት ራጅ። የቲቢው ምርመራ ፖዘቲቭ ሆነ። ክው አልኩ። ዶክተሩ፣ «ተኝቶ ያለ ቲቢ ነው፤ አልታመምሽበትም፣ አታስተላልፊም። ግን ይህ መርፌ መከላከያን ስለሚነካ እንቅልፉን እንዳንቀሰቅሰው አስቀድመን እንከላከላለን» አለኝ። አይሶኒያዚድ የሚባለውን ክኒን ጀመርኩ። ከወር በኋላ፣ መድኃኒቱን ሳላቋርጥ፣ ወደ ጥናቱ ገባሁ።

የመጀመሪያው ቀን ልቤ እንደ ሙሽራ ይመታ ነበር። ሲስተር ፖኒ ሆዴን በአልኮል ጠርጋ እንደ እስክሪብቶ ያለውን መርፌ ጫን አደረገችው። ጠቅ አለ። አለቀ። «ማፊ ሙሽኪላ» አለችኝ፤ ምንም ችግር የለም።

አራት ሳምንት ጠበቅሁ። ምንም።

ስምንት ሳምንት። ምንም። ያሳክካል። ይደማል።

አብሮን በጥናቱ የነበረ ላዶ የሚባል፣ ከጁባ ወጣ ብላ ካለችው ከረጃፍ የሚመጣ ዓሣ አጥማጅ አለ። ስንጀምር የእሱ ራስ ከእኔ ይብስ ነበር። በስምንተኛው ሳምንት መጠበቂያው ክፍል ገብቶ ባርኔጣውን አወለቀ። አናቱ እንደ ሕፃን አናት ንጹሕ ነበር። ባርኔጣውን ወደ ላይ እየወረወረ ጨፈረ፤ ሁላችንም አጨበጨብንለት። እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ያን ሰሞን የኛማል ሠርግ ደረሰ። ማንጋቴን የሚባለው ሰፈር ነው የሚደገሰው። «ከአንቺ በቀር ራሴን ማንም አይነካውም፤ አንቺም ሻሽ አታስሪም» አለችኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። በጥናቱ ጊዜ ሌላ መድኃኒት መቀባት ክልክል ነው፤ ፈርሜበታለሁ። ገበያ ሄጄ ክሎቤታሶል ገዛሁ። ለማንም ሳልናገር ግንባሬንና ማጅራቴን አምስት ቀን ቀባሁ። ቅርፊቱ ቀለለ። ሠርጉ ላይ ያለ ሻሽ ቆምኩ። ኛማል አበራች፤ እኔም በላሁ፣ ጨፈርኩ። ቅባቱን ግን ማንም እንዳያየው ከልብሴ ሥር ደብቄው ነበር።

በቀጠሮዬ ዶክተር ጋትኩዎት ራሴን መርምሮ ፊቱ በራ።

«ፀዳለ! ተሻሽሏል እኮ! ግንባርሽ፣ ማጅራትሽ!»

እየቸኮለ መጻፍ ጀመረ። ዝም ብል የሚያውቅ የለም። ብናገር ደግሞ ሊያስወጡኝ ይችላሉ፤ እውነተኛው መርፌ ሊደርሰኝ ስድስት ሳምንት ነው የቀረው።

«ዶክተር፣ ይቅርታ። መርፌው አይደለም። ቅባት ቀብቻለሁ።»

እስክሪብቶው ቆመ። ከዚያ የጻፈውን በአንድ መስመር ሰረዘ።

«ስንት ቀን?»

«አምስት።»

«ቅባቱን ይዘሽልኝ ነይ። እንዳለ ይጻፋል፤ ጥናቱን ለሚመሩት ይላካል። የሚወስኑት እነሱ ናቸው።» በሩ ጋ ስደርስ ጠራኝ። «መለሽ፣ ምንም አይደለም፣ አይዞሽ። ባትነግሪኝ ኖሮ ውሸት ጽፌ ነበር፤ ነገ ሌላ ሐኪም ያንን አምኖ ሌላ ሰው ያክምበት ነበር።»

መልሱ እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ሲስተር ፖኒ ስትደውል ስልኩን ያነሣችው ኛማል ናት፤ እኔ ለማንሣት አልደፈርኩም። ከደንበኛዋ ራስ ላይ እጇን አንሥታ፣ «ትቀጥያለሽ! ፀዲ፣ ትቀጥያለሽ!» ብላ ጮኸች። ደንበኛዋም ነገሩ ሳይገባት አቀፈችኝ።

ዐሥራ ስድስተኛው ሳምንት መጣ። እውነተኛው መርፌ ጠቅ ሲል ሁሉም እንደ ቀድሞው ነበር። ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ፀጉር እየሠራሁ ድንገት አንድ ነገር ጎደለኝ፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ቆየሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ ራሴን አላከክሁም ነበር። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንደ በዓል ሰሞን ናቸው፤ ስነሣ ትራሴን አያለሁ፣ ዱቄቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስታጠብ ቅርፊቱ በራሱ ጊዜ እየለቀቀ ይወርዳል፤ ቀዩ ቦታ ወደ ሐምራዊ፣ ሐምራዊው ወደ ገዛ ቆዳዬ መልክ ይመለሳል፤ ኛማል በየሳምንቱ ዓርብ በስልኳ አናቴን ፎቶ እያነሣች ከባለፈው ጎን ታደርግልኛለች፣ ሁለታችንም እንደ ሎተሪ ቁጥር እያስተያየን እንጮኻለን። በሁለተኛው ወር መጨረሻ በግንባሬ በኩል እንደ ጫጩት ላባ የለሰለሰ አዲስ ፀጉር ወጣ። ያንን ፀጉር የሠራሁበት የመጀመሪያ ቀን፣ ሃያ ዓመት በሥራው ስኖር እንደዚያ ተጠንቅቄ የማንንም ራስ አልሠራሁም።

ሁሉ መልካም ብቻ ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። የተወጋሁበት ቦታ ቀልቶ ያብጥ ነበር። አንዴ ጉሮሮዬን አመመኝ፤ አንዴ አፌ ውስጥ ነጭ ፈንገስ ወጥቶብኝ በመድኃኒት ጠፋ። ዶክተሩም ደጋግሞ፣ «ጠፋ እንጂ ከሥሩ ተነቀለ አላልኩም» ይለኛል። ለተሳታፊዎች መርፌው ለተወሰነ ጊዜ እንደሚቀጥል ተነግሮናል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።

ጥናቱ ሲዘጋ የዕጣው ምስጢር ተገለጠ። እንደጠረጠርኩት በመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ስድስት ሳምንታት የወሰድኩት ፕላሴቦ ነበር።

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ በከንቱ ተወጋሁ?» ብዬ ሳቅሁ።

ዶክተር ጋትኩዎት አልሳቀም። «የላዶ ራስ በመድኃኒቱ መዳኑን ያወቅነው የአንቺ ራስ ሳይድን ስለቆየ ነው። ያ ሁሉ ያከክሽበት ጊዜ ሥራ ነበር፤ ሠርተሽዋል» አለኝ። ላዶ ይህን ሲሰማ ከወንዙ ያወጣውን ትልቅ ዓሣ ፀጉር ቤታችን ድረስ ይዞልኝ መጣ።

እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ዶክተር ጋትኩዎትንና ሲስተር ፖኒን አመሰግናለሁ። ራሴን እኔ ሳልደፍረው የነካችውን ኛማልን ምን ብዬ እንደማመሰግናት አላውቅም። እናንተ ግን ራሳችሁ ላይ ቅርፊት ካያችሁ በሰው ምክር እንደ እኔ ዓመት አታቃጥሉ፤ የቆዳ ሐኪም ይየው። ጥናት ቢገጥማችሁ ወረቀቱን አንብቡ፣ ያልገባችሁን ጠይቁ፣ ፕላሴቦ ሊደርሳችሁ እንደሚችል አውቃችሁ ግቡ። የተኛ ቲቢ ቢገኝባችሁ አትሽሹ። ስታጠፉም ለሐኪማችሁ ተናገሩ፤ እኔን ያተረፈኝ እሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት መጣች። ሆቴል ውስጥ ምግብ አብሳይ ናት፤ ብርቄ ትባላለች። ፀጉር ለመሠራት አልነበረም የመጣችው። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ በር ላይ ቆማ፣ «አንቺ ነሽ አሉ... ያ መርፌ...» ብላ ቀረች።

አስገባኋት። ወንበር ላይ ተቀመጥኩና አናቴን ወደ እሷ ዝቅ አደረግሁላት። «ንኪው» አልኳት።

ፈርታ በአንድ ጣት ነካችኝ። ቀጥላ በመዳፏ። ከዚያ ሁለት እጆቿን ፀጉሬ ውስጥ ከታ እንደ ዓይነ ስውር እየዳሰሰች ቆየች።

«ምንም የለም» አለች።

«ምንም የለም።»

«ለእኔስ ይሆናል?»

«አላውቅም እህቴ። እሱን የሚነግርሽ ሐኪሙ ነው» አልኳትና መውጣት ስትል እጇን ያዝኩ። ኛማል አስቀድማ ውጭ ወጥታ ቦዳ ቦዳ እየጠራች ነበር።