«ስሜን ጥሪ» ያለኝ ሰው

ልጆቼ ሲያሙኝ «እናታችን ዝንብ አትገድልም» ይላሉ። ዝንብማ ምን በደለችኝ? የበደለኝ ሌላ ነው።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ላስረዳ፤ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። እኛ ከከምባታ ነው የመጣነው። ባሌ ቀድሞ መጥቶ ሊሙ ገነት አጠገብ ከመንግሥት እርሻ ሥራ ሲያገኝ፣ እኔ ሁለት ልጆች ይዤ ተከተልኩት። በእኛ አገር ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻም አይደለም፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ቃል ሁሉ ከአፏ አይወጣም። በምትኩ ሌላ ቃል ትፈልግለታለች። ክብር ነው። እኔን እናቴ አስተማረችኝ፣ እሷንም እናቷ።

እንግዲህ የእኔ ዕድል ሆኖ የአማቴ ስም የሚጀምረው ጅማ በምትታወቅበት ፍሬ የመጀመሪያ ድምፅ ነው። ያ ቀይ ፍሬ፣ አድርቀው፣ ቆልተው፣ ወቅጠው የሚጠጡት። ቀኑን ሙሉ እለቅመዋለሁ፤ ስሙን ግን አልለውም። «ቀዮ» ነበር የምለው። ዛሬም እጄ አይጽፈውም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው፤ አስተማሪው ያቺን ፊደል ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ ሳል ይይዘኝ ነበር።

አብራኝ የምትለቅም ጎረቤቴ የጅማ ተወላጅ ናት፣ ሙስሊም። ኦሮምኛውን ከአማርኛው እያቀላቀለች ትስቅብኝ ነበር።

«ወላሂ፣ ይቺ ሴት ዓመት ሙሉ ለቅማው ስሙን አላወቀችም! ማሎ፣ አንዴ በይው። አማትሽ ከምባታ ቁጭ ብሎ ጆሮው እዚህ ይደርሳል?»

«እሱ ባይሰማ እኔ እሰማዋለሁ።»

«በቃ ተዪው። ለእኔም ቀዮ ነው» አለች። ከዚያ ወዲያ እሷም ቀዮ ትል ጀመር፤ ልጆቿም ለመዱት።

እንደ ቤተሰብ የምንወጣው በዓመት ሁለት ጊዜ ነበር። አንደኛው መስከረም ሁለት፣ የአብዮት በዓል። የእርሻው መኪና ለሰልፍ ወደ ጅማ ይወስደናል። ለመንግሥት ሰልፍ ነው፣ ለእኛ ግን ሽርሽር። ልጆቹን አጥበን፣ ቆሎ ቋጥረን፣ ከመኪናው ላይ ተጠቅጥቀን እንሄዳለን። ሌላው መፈክሩን ያሰማል፣ እኛ እጃችንን እናነሳለን። ሰልፉ ሲበተን ደግሞ ጉማሬ ለማየት ቦዬ ኩሬ እንወርዳለን። አንድ ጊዜ ጉማሬው ጆሮውን ብቻ ከውሃው አውጥቶ አልወጣም ቢል፣ ልጆቹ ድንጋይ ሊወረውሩበት ሲሉ ባሌ «ተዉት፣ የቀበሌ ሊሆን ይችላል» አላቸው። እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ሁለተኛው መስቀል ነው። ጴንጤ ሆነንም መስቀልን አልተውንም፤ የአገራችን ትልቁ በዓል ነው። ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ፣ ከባሌ እህት ግቢ የአገራችን ሰዎች እንሰበሰብና በሬ እንጥላለን። ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ ቅቤ ስናጠራቅም እንከርማለን። ጸሎት ቤታችን ስለተዘጋ፣ በልተን ስናበቃ በሩን ዘግተን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንዘምራለን። ውጭ የሚያልፍ ሰው ሰክረው ነው ይላል። ጠጅ ያልቀመስን ሰዎች!

አሁን ወደ ሰውዬው ልምጣ። የተወለድኩበት ሰፈር ልጅ ነው። ሕፃን ሆኖ እናቱ ስትታመም እናቴ ነበረች የምታጥበው። ከፍ ሲል አጎቱ ወደ ጅማ ወሰደው፤ እዚያ አደገ፣ ካኪ ለበሰ፣ በእርሻው የእኛ ምድብ ኃላፊ ሆኖ መጣ። አገርህ የት ነው ሲሉት «የሰፊው ሕዝብ ልጅ ነኝ» ይላል። በቋንቋችን ሰላም ብንለው በአማርኛ ነው የሚመልሰው። ስሙ ደግሞ ከአማቴ ስም ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ስለዚህ እኔ «ጓድ ኃላፊ» ነበር የምለው፤ ምክንያቱንም ያውቃል።

በዚያ ዓመት እናቴ ልታየኝ ከአገር መጣች። ቦሳ ኪቶ ከባሌ እህት ዘንድ አርፋለች፤ መስቀልን ከቤቷ ለመዋል በሰልፉ ማግስት ተመላሽ ናት። አገሬን ከለቀቅሁ አላየኋትም። ሦስተኛዋን ልጄን አላየቻትም። ጊዜው ነዳጅ በኩፖን የሆነበት ነው፤ ከእርሻው መኪና በቀር ጅማ የሚያደርሰኝ አልነበረም።

የሰልፉ ቀን በማለዳ ልጄን አዝዬ መኪናው ዘንድ ተራ ያዝኩ። ከጅማ አንድ ትልቅ ሰው መጥቶ መኪናው አጠገብ ቆሟል። ለጨዋታ ይሁን ለቁም ነገር እንጃ፣ «እስቲ ሠራተኞችህ ያውቁህ እንደሆነ እንይ፤ እያንዳንዱ የኃላፊውን ስም እየጠራ መኪናው ላይ ይውጣ» አለ። ኃላፊያችን ደስ አለው፤ ደረቱን ነፋ። ሰዉ ስሙን እየጮኸ ወጣ። ባሌም ልጆቹን ይዞ ወጣ። ለወንድ ክልክል አይደለም።

ተራዬ ሲደርስ «ጓድ ኃላፊ» አልኩ።

«ስም!» አለ እንግዳው።

«ስማቸው ከአማቴ ስም አንድ ነው ጌታዬ። በአገራችን ሴት የአማቷን ስም አትጠራም።»

እንግዳው ወደ እሱ ዞረ። «አገራችሁ አንድ ነው መሰለኝ? እንዲህ ያለ ወግ አለ እንዴ?»

ዓይን ዓይኑን አየሁት። እናቱ ዕድሜዋን ሙሉ የአማቷን ስም ስትሸሽ የኖረች ሴት ናት።

«የለም» አለ። «ከየት እንዳመጣችው እንጃ። ደንቆሮ ሴት ናት።» ሰዉ ሳቀ። እሱም ሳቀና ወደ እኔ ዞሮ፣ «ስሜን ጥሪና ውጪ፤ አለዚያ ገለል በይ» አለኝ።

ባሌ ከላይ ሆኖ «ኧረ እባክዎ፣ እናቷ...» ሲል ሞተሩ ተነሣ። ልጆቼ ከላይ እያለቀሱ፣ ሕፃኗ ከጀርባዬ እያለቀሰች፣ መኪናው ሄደ።

ጠርተሽው ብትሄጂስ? የሚለኝ ሰው አለ። ባሌ ቆሞ እያየ፣ አባቱ በሕይወት እያለ፣ ያንን ስም እንደ ሸቀጥ ጮኼ እናቴ ፊት ብቀርብ በምን ዓይኔ ነው የማያት?

ግን የከፋው ይኼ አይደለም። ባሌ ቦሳ ኪቶ ደርሶ የሆነውን ሁሉ ሲነግራት እናቴ አላመነችም። «ያ ልጅ? በእነዚህ እጆቼ ያጠብኩት? የሰፈራችን ልጅ ወጋችን የለም አይልም። ልጄ ናት መምጣት ያልፈለገችው፤ ሰው አገር ገብታ ኮርታለች» አለች። ያመጣችልኝን ቅቤ በኮባ እንደተጠቀለለ ትታ፣ በማግስቱ አውቶብስ ተሳፈረች። ተቀይማኝ ሄደች። ተቀይማኝ እንዳለች ሞተች። አፈር ስትገባም አልደረስኩ።

ከዚያ ወዲያ ቂሜን ይዤ ነበር የምለቅመው። እያንዳንዷን ቀዮ ስቀነጥስ አንገቱን ነው የምቀነጥሰው። ጠዋት ጠዋት ሲያልፍ ግን ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳዋለሁ። «ትሑት ሴት ናት» ይል ነበር አሉ። ጎረቤቴ ብቻ ናት ያወቀችብኝ። «አንቺ፣ እሱ ሲያልፍ ቅርንጫፉን እኮ ሰበርሽው» አለችኝ አንድ ቀን።

ዓመታት አለፉ። ሰውዬው ሊያገባ ተነሣ። ልጅቷ ጅማ የሚኖር የዳውሮ ሰው ልጅ ናት። አባቷ ኩሩ ነው፤ ካኪ አያስደነግጠውም። «ሰው አገር የመጣ ወንድ ሁሉ ላጤ ነኝ ይላል። አገርህ ሚስት ትተህ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? የሰፈርህን ሰው አምጣና ማን እንደሆንክ በአፉ ይመስክር» አለው። አጎቱ ሞቷል። በዚያ ሁሉ አገር ሰፈሩን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ፤ ባሌ ከወዲያኛው ቀበሌ ነው።

እቤቴ መጣ። ስኳር ይዞ መጣ፣ ስኳር በሌለበት ዘመን።

«እትዬ» አለኝ። እትዬ ሆንኩ! «ለመስቀል የልጅቷ ሽማግሌዎች ቦሳ ኪቶ ከእናንተ ጋር ይውላሉ። አንቺ ታውቂኛለሽ አይደል?»

«እንዴት አላውቅህም! እናቴ ያጠበችህ ልጅ።»

ሳቀ። እናቴ ያልኩት ምንም አላስታወሰውም። የወጉንም ነገር ከነጭራሹ ረስቶታል። ያ ነው አንጀቴን ያቃጠለኝ፤ እኔን ያሳረረኝን እሱ እንደ ቁርስ ረስቶታል።

መስቀል ደረሰ። ግቢው ሞላ፤ ክትፎው በቅቤ ተለውሶ ቀረበ። የልጅቷ አባት ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ከራስጌ ተቀመጠ። ሰውዬው አዲስ ኮት ለብሶ፣ ጉልበቱን ገጥሞ እንደ ተማሪ ተቀምጧል። ልጅቷም አብራቸው መጥታ፣ ስትገባ ስትወጣ ዓይኑ በር በሩን ነው፤ ወዷታል፣ እውነቱን መደበቅ አይቻልም። ጠራኝና ቆምኩ።

«እህቴ» አለ ትልቁ ሽማግሌ፣ «ይህን ሰው የምታውቂው አንቺ ነሽ አሉን። መጀመሪያ ስሙን ጥሪ፣ ከዚያ አባቱን፣ ከዚያ ወገኑን ንገሪን።»

ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«አትፈሪ፣ በይ።»

ከጫማው እስከ ራሱ አየሁት። 

«ስሜን ጥሪ እንጂ እትዬ!» አለ። ይኼኔ የገዛ ቃሉ ጆሮው ገባ መሰለኝ፤ ግንባሩ ላብ አቸፈቸፈ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ «አባቶቼ፣ ስሜ ከአማቷ ስም አንድ ስለሆነ ነው። በአገራችን ሴት የአማቷን ስም አትጠራም» አለ።

«በአገራችን» ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

ዳውሮዎቹ እንዲህ ያለ ወግ አያውቁም። ሽማግሌው ጠየቀኝ፤ «እውነት ነው እህቴ? እንዲህ ያለ ወግ አለ?»

«የለም አባቴ» አልኩ። «ከየት እንዳመጣው እንጃ።»

ሽማግሌው የአገራችንን ሰዎች በሙሉ ዞሮ አያቸው። «እናንተስ?» የባሌ እህት፣ እናቴ ስታለቅስ ያደረችው ከእሷ ቤት ነው፣ «እኛም አልሰማን» አለች። ባሌ ክትፎውን እንደ ቁርጥ ሥጋ ያላምጥ ጀመር። ሌላው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ መብላቱን ቀጠለ።

«ታዲያ ይህ ሰው የማን ልጅ ነው?»

«እኔ እንጃ አባቴ» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «የሰፊው ሕዝብ ልጅ ነኝ ሲል ነው የሰማሁት።»

ከጥግ አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ ግቢው በሙሉ ሳቀ። የልጅቷ አባት አልሳቀም። እጁን ታጠበ፣ ጋቢውን አነሣ፣ «በሉ በዓሉን በሰላም ዋሉ» ብሎ ወጣ።

ሰውዬው እስከ በር ተከተላቸው። እዚያ ቆሞ ስሙን ጠራ። የአባቱን ስም ጠራ፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን፣ ወገኑን፣ ሰፈሩን። ረሳሁት ይለው በነበረው በቋንቋችን፣ አንዱንም ሳያዛንፍ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። ከሽማግሌዎቹ ቋንቋውን የሚሰማ አልነበረም። እኛ ግን ሁላችንም ሰማን፤ አንዳችንም አልመለስንለትም።

ይበቀለናል ብለን ጥቂት ጊዜ ፈርተን ነበር። ወሬው እርሻው ድረስ ሲደርስ ግን ራሱ ዝውውር ጠይቆ ሄደ። ልጅቷ በኋላ የአውቶብስ ሾፌር አገባች።

በዚያ ቀን በሩ ከተዘጋ በኋላ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። «እህቴ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ሰው ነው፣ ተሳስቷል። በጌታ ስም ይቅር በዪው።»

«ይብሉ አባቴ፣ ቀዘቀዘብዎ» አልኳቸው። ያን ዕለት ክትፎው እንዴት እንደጣፈጠኝ! ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ።