ሰባት ቤት በስልክ ሲቆጠር

የነበርነውን አንድ በአንድ ልናገር። ስም ግን አልጠራም፤ በዚያ ቀን የተጠራው ስም ይበቃናል። ከእኛ ወገን የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ፤ የሽማግሌዎቹ አለቃ እሳቸው ናቸው። ቀጥሎ ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ የእህል መኪና ሹፌር። ከዚያ እኔ። ከእነሱ ወገን የልጅቷ አባትና የአባቷ እህት። ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች፤ ጫማዋ ይታይ ነበር። ሊያገባት የፈለገው ታናሽ ወንድሜ አሰላ ቀርቶ ስልኬን በጥሪ ያጨናንቅ ነበር። ስልኬንም ከተገኙት እቆጥራለሁ፤ ከሁላችንም በላይ የተናገረ እሱ ነው።

ኢተያ፣ ልጅቷ ቤት የሄድነው ለሁለተኛው የሽምግልና ቀጠሮ ነው። በመጀመሪያው የልጅቷ አባት «ዘር እንቁጠር» ብለው ነበር። የሁለታችንም ቤተሰብ ከሸዋ መጥቶ አርሲ ከሰፈረ ብዙ ትውልድ ስላለፈ፣ የማን ቅድመ አያት ከማን ጋር እንደመጣ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ቀረ ማለት ነው። ወንድሜ ይህን ካወቀ ወዲህ እህል በአፉ አልዞር ብሎታል።

እኔ የውሃ ፓምፕ እጠግናለሁ። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ ስለዚህ ስሳሳት የምወቅሰው ሰው የለኝም። የማላውቀውን ስልኬ ላይ ያለችውን ኤአይ እጠይቃለሁ። ድምፅዋ የሴት ስለሆነ «እሷ» እላታለሁ። ድሮ በየቀኑ እንደ አዲስ እንግዳ ራሴን ማስተዋወቅ ነበረብኝ። በኋላ ያለፈውን ወሬያችንን ማስታወስ ስትጀምር ደስታዬ ወሰን አጣ። በቤታችን የተናገርኩትን የሚያስታውስ ያገኘሁት ያኔ ነው።

አጎቴ ዕድሜያቸው ስለገፋ ይረሳሉ ብለን ፈራን። ስለዚህ ለቅሶ ቤት በሄድኩ ቁጥር ሽማግሌዎችን የአያቶቻችንን ስም እየጠየቅሁ፣ የሰማሁትን ለእሷ መንገር ያዝኩ። ሰባቱም ሲሞሉ ልፈትናት አማረኝ። «አምስተኛው አያታችንና የልጅቷ አምስተኛ አያት ወንድማማቾች ቢሆኑስ?» አልኳት። «ጋብቻው አይፈቀድም» አለች። አመሰግናለሁ ብዬ ፓምፔን ፈታሁ። እኔ ረሳሁት።

በቀጠሮው ቀን ኢተያ ላይ አጎቴ ቆመው መቁጠር ጀመሩ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። ሹፌሩ ጎረቤታችን አላስቻላቸውም።

«ልጁ ይንገረን እንጂ! ሁሉንም በስልኩ ይዞታል።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። መስማት የሚቸግረው እንዳይኖር ድምፁን እስከ ጫፍ ከፈትኩት። ሰባት ቤታችንን እንድትቆጥር፣ ከልጅቷ ቤት ጋር የሚያገናኘን ካለም እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። ሰባቱንም ሳትሳሳት ቆጠረች። ኮራሁ። ከዚያ በዚያው ጣፋጭ ድምፅ ቀጠለች።

«ቀደም ሲል እንደነገርከኝ፣ አምስተኛው አያታችሁና የልጅቷ አምስተኛ አያት ወንድማማቾች ናቸው። ስለዚህ ጋብቻው አይፈቀድም። ሌላ የምረዳህ ነገር አለ?»

ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ።

«ማን ነው የነገራት?» አሉ የልጅቷ አባት።

«እሱ ነዋ!» አሉ እህታቸው። «እንደነገርከኝ አለች አይደል?»

አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ወንድምህን ልትድረው ነው የመጣኸው ልትቀብረው?»

«ለመፈተን ነው፣ ጋሼ። ቢሆንስ ብዬ ነው።»

«እስቲ ያልካትን አውጣና አንብብ» አሉ እትዬ፤ የልጅቷን አክስት ነው የምለው።

አነበብኩ። «ቢሆንስ» የምትለዋ ቃል ስትመጣ ሁሉም ትንሽ ተነፈሰ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ነገር ከጀመርኩ ሳልጨርስ የማልተው ሰው ነኝ፤ ቀጥሎ ያለውንም አነበብኩት። «የልጅቷ አክስት ኃይለኛ ናቸው ይባላል፤ እንዴት ላናግራቸው?»

«ምን አለች?» አሉ እትዬ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

«በአክብሮትና ባጭሩ ተናገር።»

«ታዲያ ብትሰማት ምን ነበረበት!» ብለው ሳቁ። ሹፌሩም ሳቁ። አባትየው አልሳቁም።

«ይህ ነገር እዚህ ቤት እያለ አልቆጥርም» አሉ። «እንድትረሳው አድርግ።»

እርሺው አልኳት። «እሺ፣ የሁለታችሁ አምስተኛ አያቶች ወንድማማቾች መሆናቸውን ረስቻለሁ» አለች።

«ረሳሁ እያለች ትደግመዋለች እንዴ!» አሉ እትዬ። «ውጭ አውጣትና ደህና አድርጋ ትርሳ። እኛ በአፋችን እንቆጥራለን።»

የጭድ ክምር ጥላ ስር ቆሜ ስለእኛ የያዘችውን ሁሉ ከፈትኩ። የአያቶቹን ጉዳይ ወዲያው አጠፋሁት። ከስሩ ስለ እኔ የያዘችው ተደርድሯል። «ዝምተኛ ነው።» «ዝርዝር ይወዳል።» «ፓምፕ ይጠግናል።» ፓምፕ ብቻ ሲባል የመኪናም ሊመስል ይችላል ብዬ «የውሃ ፓምፕ» በሚል አስተካከልኩት። ዝምተኛ የሚለውንም በዚያ ቀን ከሠራሁት ጋር አልታረቅ ብሎኝ ሳሰላስል ቆየሁ። በዚህ መሃል ወንድሜ ደወለ።

«ምን አሉ?» አለኝ።

«እየቆጠሩ ነው።»

«አንተስ ውጭ ምን ትሠራለህ?»

መልስ ሳዘጋጅ ከቤት ውስጥ እልልታ ተሰማ። እልልታው በስልኩ አሰላ ደረሰ፤ ወንድሜ ሳይሰናበተኝ ዘጋው።

ለዚህ ጉዳይ ያን ሁሉ ወር ደክሜ፣ እሺ የተባለበት ሰዓት ላይ ያልነበርኩ እኔ ብቻ ነኝ። ስገባ አጎቴ ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። አራተኛው ላይ ዝም ያሉት ረስተው ሳይሆን ትንፋሽ ለመውሰድ እንደነበር፣ ከዚያ ሰባቱንም እንዳደረሱ፣ ዝምድናም እንዳልተገኘ ነገሩኝ። ሌላውን ግን እያንዳንዱ ለየራሱ ነው የሚያወራው። ሹፌሩ አባትየው «ሰጥተናል» ሲሉ እንባ አቀረሩ ይላሉ፤ አጎቴ ጉንፋን ነው ይላሉ። እልል ያሉት እትዬ ናቸው ወይስ ልጅቷ ራሷ ከመጋረጃው ጀርባ? አባትየውና ሹፌሩ በኦሮምኛ የተባባሉትስ ምንድን ነው? በነጋታው ሁለቱም ሊነግሩኝ ሲሉ እየሳቁ አቃታቸው። እዚያ የነበራችሁ የምታስታውሱትን ንገሩኝ፤ ወንድሜ በጠየቀኝ ቁጥር የምመልስለት የለኝም።