አንድ ዜና ተከትለው ሞጣ የሄዱት መምህርት

መምህርት የሺወርቅ ባለፈው እሑድ ጠዋት ቢቸና በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል። የሰማነውን ሁሉ «ማን አየ?» ብለን እንድንጠይቅ ያስለመዱን እሳቸው ነበሩ፤ የደወለልኝ ግን ከአልጋቸው አጠገብ ያልተለየው ልጃቸው ስለነበረ የምጠይቀው አልነበረኝም። ሰኞ ዕለት ቀበርናቸው።

አማርኛ አስተምረውኛል፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም ጎረቤታችን ነበሩ። የቴሌቪዥን ዜና አያመልጣቸውም። አንድ ጊዜ ግመል ገብቶበት ስለማያውቀው ስለ ቢቸና ገበያ ሲወራ ግመሎች ታዩ። አልተናደዱም። ምስሉ ከየት እንደመጣ፣ ማን መርጦ እንዳስገባው ለማወቅ ግን ሳምንቱን ሙሉ ያገኙትን ሁሉ ሲጠይቁ ሰነበቱ።

ወንድሜ ደረጀ ሞጣ ውስጥ ግንበኛ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ደውሎ ወደ እኛ ለመምጣት መኪና መሳፈሩን ነገረን። በምሳ ሰዓት ዜና ከሞጣ ወደ ቢቸና ሲጓዝ የነበረ መለስተኛ አውቶቡስ መገልበጡን፣ ከተሳፋሪዎቹም አንድም የተረፈ አለመኖሩን ሰማን። የደረጀ ስልክ አይሠራም። እናቴ ወደቀች፤ ጎረቤቱም ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ።

መምህርት ገብተው ከእናቴ ጎን መሬት ላይ ተቀመጡና እጇን ያዙ። «ዜናውን እኔም ሰምቻለሁ» አሏት። «አስከሬን ያየ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም። አታልቅሺ አልልሽም። ሄጄ አይቼ እስክመለስ ግን ድንኳን አታስተክዪ።»

እኔን አስከትለው ሞጣ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈሩ። መንገድ ላይ የተገለበጠውን መኪና ስናይ ሹፌሩን ለምነው አስቆሙና ወረዱ። እኔ መቅረብ ፈራሁ፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው ውስጡን ተመለከቱ፤ ማሳው ዳር የቆሙትን ገበሬም አነጋገሩ። የተጎዱት ሰዎች በጭነት መኪና ወደ ሞጣ መወሰዳቸውን ሰውየው ነገሯቸው።

ሆስፒታል ስንደርስ ደረጀ እግሩ በጄሶ ታስሮ፣ ገና ከሰመመን እየነቃ ነበር። ስልኩ ተሰባብሯል። መምህርት ግንባሩን ዳሰሱና የራሳቸውን ስልክ ሰጡት። «እናትህ ዘንድ ሞተሃል፤ ቶሎ ደውልላት» አሉት።

ከተሳፋሪዎቹ መካከል የሞተ አልነበረም። የመኪናው ረዳት፣ አበበ የሚባል ወጣት፣ ሕይወቱ አልፎ ነበር። መምህርት ወደ ቤት ከመመለሳችን በፊት ከሆስፒታሉ በር ከተቀመጡት ዘመዶቹ ጋር ብዙ ቆይተው አለቀሱ።

እኛ በደስታ ነገሩን ረሳነው፤ እሳቸው ግን ስሕተቱ እንዴት እንደተወለደ ማወቅ ፈለጉ። በሰው በሰው ጠይቀው የጋዜጠኛውን ስልክ አገኙ፤ እሱም ለሌላ ሥራ ቢቸና ሲመጣ ቤታቸው ጎራ አለ። ሊቆጡት መስሎት ተሸማቆ ነበር። እሳቸው ግን እንጀራ አቅርበው፣ ማን ምን እንዳለው አንድ በአንድ ጠየቁት። ቁስለኞቹን ያደረሰው የጭነት መኪና ሹፌር «መኪናው ውስጥ የቀረ ሰው የለም» ብሎ ነበር፤ ሁሉንም አውጥተናል ማለቱ ነው። ያንን የሰማ ሰው ደውሎ «የቀረ ሰው የለም» አለ። ጋዜጠኛው ደግሞ «የተረፈ የለም» ብሎ ጻፈ።

መምህርት በጣም ተደነቁ። «ቅኔ ቤት ብትሆን ይሸልሙህ ነበር» አሉት። «ለዜና ግን ሹፌሩን ራሱን ብትጠይቀው ይሻል ነበር።» ቀጥለውም ማስተካከያው ሲነገር የረዳቱ ስም እንዲጠራ ለመኑት፤ ሞቱ ከተባሉት ሁሉ በእውነት የሞተው እሱ ሆኖ ሳለ ስሙን የጠራው ሰው አልነበረም። ማስተካከያው ተነበበ። አጭር ነበር፤ የአበበ ስም ግን ተጠርቷል።

ከዚያ በኋላ ለምን ዜና ማየት እንዳልተዉ ጠየቅኋቸው። «ካላየሁ ምን እጠይቃለሁ?» አሉኝ። «ልጁ እኮ ስሕተቱን በአደባባይ አረመ። አሁን የእሱን ዜና ከሌላው ይልቅ አምነዋለሁ።»

መምህርት ሆይ፣ ሌላው በሰማው ሲያለቅስ እርስዎ ሄደው ያዩ ነበር፤ ተመልሰውም ይነግሩን ነበር። የአሁኑን መንገድዎን ግን ሄዶ አይቶ የሚነግረን የለም። እኛም ተራችን እስኪደርስ ሳናውቅ እንቆያለን። እዚያም የሚጠይቁት አያጡም። በሰላም ይረፉ።