የኔታ የያዟቸው ዘጠኝ ቁጥሮች

ጉንደ ወይን አውቶብስ መቆሚያው አጠገብ ያለችው ጠባብ ሱቅ የሥራነሽ ናት። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ፎቶ ኮፒ ታነሣለች፣ የተበላሸ ኮምፒውተር ሲመጣላትም አትመልስም። ትምህርቷ አሥረኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የጎደላትን ደብረ ማርቆስ የሚሠራው ወንድሟ ታዲዮስ በስልክ ይሞላላታል።

በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ፣ የድጓ መምህሩ የኔታ ፍቅረ ሥላሴ ከዲማ ላፕቶፕ በጋቢ ጠቅልለው ይዘው መጡ። አዲስ አበባ ያሉ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ጭነው የላኩላቸው ናት። ውስጧ የአንድ ድጓ ገጾች በፎቶግራፍ አሉ፤ መጽሐፉን ያዋሳቸው ደብር መልሶ ስለ ወሰደው የቀራቸው ይኸው ነው።

«ፊደሉስ ጎልቶ ይታየኛል» አሉ። «ከላዩ ያለው የዜማ ምልክት ግን ጭቃ ሆኗል። ሰኞ ጉባኤ እዘረጋለሁ፤ ምልክቱን ካላሳየኋቸው ተማሪዎቹ ሌላ መምህር ፍለጋ ይበተኑብኛል።»

ሥራነሽ ከፈተቻት። የስክሪኑ የምስል ጥራት ስምንት መቶ በስድስት መቶ ላይ ቆሟል፤ ማስተካከያው ውስጥ ሌላ ምርጫ የለም። ለታዲዮስ ደውላ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«የራሷን ስክሪን አላወቀችውም» አለ ታዲዮስ። «ልኩን በቁጥር እንነግራታለን።»

የትእዛዙን ቃላት ወረቀት ላይ ጻፈች። ቁጥሮቹን ግን ከአፉ እየተቀበለች በቀጥታ ላፕቶፗ ላይ መታች። ዘጠነኛውን እንደ ጨረሰች መብራት ሄደ። ባትሪዋ ከሞተ የቆየባት ላፕቶፕ ጥቁር ሆነች፤ ኔትወርኩም መብራቱን ተከትሎ ሄደ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መብራቱ ተመለሰ፣ ኔትወርኩ ግን አልተመለሰም። የየኔታ አውቶብስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሣል።

«የኔታ፣ ነገ ቢመለሱስ?»

«ነገ እሑድ፣ ከነገ ወዲያ ሰኞ። ምን ጎደለሽ?»

«ቁጥሮቹ።»

«እነሱማ አሉ።» ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ በመቋሚያቸው ወለሉን ቀስ እያሉ መቱ። «ሰማንያ አምስት ነጥብ ሃያ አምስት። ሺህ ሦስት መቶ ስልሳ ስምንት። ሺህ አራት መቶ አርባ…»

የሥራነሽ እጅ ቆመ። «ጽፈውት ነበር እንዴ?»

«ስንት ዘመን ዜማ በጆሮዬ የለቀምኩ ሰው ዘጠኝ ቁጥር ምን ያስጽፈኛል? ይልቅ አንቺ ጻፊ፣ አውቶብሱ አይጠብቀኝም።»

ጻፈች። ስክሪኑ አንዴ ጨለመና ተገለጠ። ደለሉ የረጋለት ምንጭ ይመስል ገጹ ጠራ፤ ከፊደሉ በላይ እንደ ጉንዳን መንገድ የተሰለፉት ምልክቶች አንድ በአንድ ተለዩ። የኔታ አፍንጫቸው እስኪነካ ተጠጉ። «ይህቺ ይዘት ናት… ይህቺ ድፋት…» ብለው አንዲት መስመር በለሆሳስ አዜሙ። በር ላይ ፎቶ ኮፒ ይጠብቅ የነበረ ገበሬ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ይህቺ ስትጠፋ ትረሳዋለች?» አሉ የኔታ።

«ትረሳለች። ስትነሣ ራሷ እንድታነበው ፋይል ውስጥ አስቀምጥላታለሁ።»

«ደካማ ተማሪ ናት። አስቀምጪላት። አንቺስ መብራት ሲሄድ ከየት ታመጪዋለሽ? ከኋላዬ ቀጽዪ።»

ሥራነሽ እየሳቀች፣ ከአፋቸው እየተቀበለች ቀጸለች። ሰባተኛው ላይ «ሰባት መቶ ሰባ» ስትል መቋሚያው ወለሉን መታ። «ሰባ አንድ። ከራሱ ጀምሪ።» ሦስቴ አስደገሟት፤ አውቶብሱ ጥሩንባውን ሲነፋ ላፕቶፗን በጋቢያቸው ጠቅልለው ወጡ።

ሰኞ ከሰዓት ከዲማ የመጣ መንገደኛ ጉባኤው መዘርጋቱን፣ ተማሪዎቹም ላፕቶፗን ከበው መቀመጣቸውን ነገራት። ኔትወርክ የተመለሰው ማታውን ነው። ታዲዮስ ደወለ።

«እኅቴ፣ በሐሳብ ሞትኩ። ብዕር ያዢ፣ ቁጥሮቹን ልድገምልሽ።»

«አንተ አድምጥ» አለችው፤ ዓይኗንም ጨፈነች። «ሰማንያ አምስት ነጥብ ሃያ አምስት…»