የጀርመናዊው ክፍል

ዛሬ ከሥራ ገብቼ ጉልበቴን በቅባት ሳሽ፣ ሽታው ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር ወደነበረው የልጅነት ቤቴ መለሰኝ።

እናቴ መሀል ከተማ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳ ነበር። ከቶሮንቶ ጋር ለመጫወት የሚመጡ የቅርጫት ኳስ ቡድኖች እዚያ ያርፋሉ። አንድ ረጅም ጀርመናዊ ተጫዋች በየዓመቱ የሚያርፈው እሷ በምታጸዳው ፎቅ ላይ ነበር።

አንድ እሁድ ከሰዓት ጨዋታውን በቴሌቪዥን እያየን ነው። እናቴ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተጋድማ፣ ከፍሪዘር ያወጣችውን የአተር ከረጢት ቅባት የተቀባ ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ጀርመናዊው ሲያገባ አጎቴ አጨበጨበ።

«ይሄ ገና አሥር ዓመት ይጫወታል» አለ።

«አይጫወትም። መጨረሻው ነው» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ኳስ የምታውቂው?»

«ኳስ አላውቅም፣ ሩሙን ነው የማውቀው። መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ፎጣ ብቻ ነበር የማነሳለት። አምና ሁለት ላስቲክ በረዶ አገኘሁ። ዛሬ ጠዋት ባኞው ሙሉ በረዶ ነው፣ ክፍሉ ቅባት ቅባት ይላል። ፋሻውንም ሰው እንዳያይበት በጋዜጣ ጠቅልሎ ነው የጣለው።»

አጎቴ ሳቀባት። በዓመቱ ቡድኑ ሲመጣ ጀርመናዊው አልነበረም፤ ጉልበቱ እንቢ ብሎት ኳስ አቁሞ አገሩ ገብቷል ተባለ።

እናቴ እንዴት እንዳወቀች ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። እሷን ግን፣ ያን አተር ከፍሪዘር ባወጣች ቁጥር፣ መቼ ወጥ አድርጋ እንደምትሠራልን ነበር የምጠይቃት።